በክብሪት ቀፎ የቆየችው ሽቦ፦ የአቶ ሠርፀ ሀብተጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሠርፀ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተጊዮርጊስ ታረቀኝ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማዘንጊያ ግንቦት 3 ቀን 1962 ዓ.ም. በነቀምቴ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከጎጃም ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ጸሐፊ ስለነበሩ፣ አቶ ሠርፀ በቤት አማርኛ፣ በደጅ ኦሮምኛ እየተናገሩ አደጉ፤ ሲቆጡ ግን በሁለቱም ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ትምህርት ጀምረው በ1981 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በተማሪነታቸው ዘመን የአባታቸውን ሬዲዮ ፈታትተው ምንጣፍ ላይ አሰልፈውት ተገኝተዋል። መልሰው ሲገጥሙት ሁለት ብሎን ተረፈ፤ ሬዲዮው ግን ከቀድሞው ይልቅ ጥርት ብሎ ተናገረ። ይህን እናታቸው እስኪያርፉ ድረስ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወሩት ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ መጠገኛ ከፈቱ። በ1988 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዘርፈሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እምነትንና ሲናን አፈሩ። ሞተራቸው በኮምፒውተር የሚታዘዝ መኪኖች ወደ ወለጋ ሲበዙ፣ በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስድስት ወር ተምረው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ከጊምቢም ከሻምቡም የመኪናውን ኮምፒውተር በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣው ሾፌር ብዙ ነበር። የፈሰሰውን ካፓሲተር በካውያ አሙቀው ይነቅላሉ፣ የተበላውን ቦርድ በአልኮልና በብሩሽ ያጥባሉ፣ አዲሱን በሊድ ሲያጣብቁ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሲጨርሱ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ «ሠ» ብለው በምስማር ይጭሩና ቀኑን ይጽፋሉ። መኪናዋንም ከጉቴ ወደ ገጠር በሚገባው ኮረኮንች ላይ ሳያስሮጡ አያስረክቡም ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ቂርቆስ፣ እዚህ ላይ «ሰው አክባሪና ሥራ ወዳድ ነበሩ» ብሎ ወደ ሕመማቸው ቢያልፍ በወደደ። ሟች ግን ከለከሉት። «የ2008ን ካልጻፍክ ምንም አትጻፍ፤ ዝም ብላችሁ ቅበሩኝ» አሉ።

ጥቅምት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. የአንገር ጉቲን መስመር ሾፌር የነበሩት አቶ ጨመዳ ጋሩማ የሚነዱትን ሚኒባስ ኮምፒውተር ለጥገና አመጡ። አቶ ሠርፀ ያረጀውን ካፓሲተር ሲነቅሉ ከሥሩ ያለችው የመዳብ መስመር አብራ ተነሣች። በምትኳ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ በየዱ። እንዲህ ያለች ሽቦ እንዳትንቀጠቀጥ በማጣበቂያ ትያዛለች፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅም ይጠበቃል። የዚያን ዕለት ግን የሚካኤል ማኅበር ተረኛ እርሳቸው ነበሩና ቤት እንግዳ እየጠበቃቸው ነበር። ማጣበቂያውን ተዉት። አቶ ጨመዳ፣ «ኦቦ ሠርፀ፣ የጉቴን ኮረኮንች ዛሬ አንሞክራትም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አቶ ሠርፀ ካፖርታቸውን እየለበሱ፣ «ሂድ፣ ምንም አትሆንም» አሉ።

በማግስቱ መኪናዋ ዳገት መሐል ላይ ጠፋች። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑም ደነደነ። ወደ ኋላ ተንሸራትታ ገደል ገባች፤ ከተሳፋሪዎቹ የሦስት ልጆች እናት ወ/ሮ ድርቤ ሕይወታቸው አለፈ። አቶ ጨመዳ «ሞተሩ ጠፍቶብኝ ነው» አሉ። ቁልፍ ሲዞር ግን ሞተሩ ተነሣ። ስለዚህ ተኝቶ ነው ተባለ። አቶ ሠርፀም ሲጠየቁ «ሥራዬን አውቃለሁ» ብለው መለሱ፤ ያኔ እውነት መስሏቸው ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ የሚኒባሱ ባለቤት ያንኑ ኮምፒውተር ለሌላ መኪና እንዲያስተካክሉለት አመጣው። አቶ ሠርፀ ሽፋኑን ከፈቱ። «ሠ» የሚለውን አዩ። ቀጭኗ ሽቦ ከአንድ ጫፏ ተበጥሳ፣ ሲነኳት ትገናኛለች፣ ሲነቀንቋት ትለያለች። ነቅለው በክብሪት ቀፎ አኖሯት፤ በምትኳ ወፍራም ሽቦ በየዱ፣ ማጣበቂያ አደረጉ፣ አደረቁ፣ አስረከቡ። የአቶ ጨመዳ ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት ነበር። አንድ ቀን ችሎት ገብተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ስማቸውን የጠራ አልነበረም፤ ወጥተው ሄዱ።

አቶ ጨመዳ ሁለት ዓመት ታስረው፣ መንጃ ፈቃዳቸውን ተነጥቀው ወጡ፤ ዛሬ ጉቴ ላይ የእህል መጋዘን ይጠብቃሉ። አቶ ሠርፀ ከዚያ በኋላ ቦርድ ላይ «ሠ» ብለው ጽፈው አያውቁም። እኛ ቤተሰቦቻቸው እርጅና መስሎን እንቀልድባቸው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። በነቀምቴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ቤት ሲውሉ፣ አቶ ጨመዳ ማር ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ሠርፀ» ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አቶ ሠርፀ ማሩን አልቀመሱትም። እንግዳው ሲወጡ ወንድማቸውን ጠርተው የክብሪቱን ቀፎ ሰጡት፤ ሁሉን አስጽፈውም ፈረሙ። ወኔ አጥቼ ነው እንጂ ረስቼ አይደለም ብለው አለቀሱ። ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ዐረፉ።

ልጃቸው እምነት አባቴን አስከሬኑ ፊት አታዋርዱት ብላ ነበር። ወ/ሮ ዘርፈሽ ግን «የሰው ልጅ ዘጠኝ ዓመት ተዋርዶ የለም ወይ?» አሉ፤ ነገሩም በዚህ ተቆረጠ። ትናንት ወደ ወ/ሮ ድርቤ ቤተሰብ ሽማግሌ ልከናል፤ መልሳቸውን አንገታችንን ደፍተን እንጠብቃለን። ሽቦዋንና የተፈረመውን ወረቀት ለአቶ ጨመዳ አስረክበናል። አቶ ጨመዳ ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላሉም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «እናቴ አማርኛ አትሰማም። እርሷ በምትሰማው ይነበብ።»

አቶ ሠርፀ ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸውና ከወንድማቸው ተለይተዋል። እግዚአብሔር የወ/ሮ ድርቤን ነፍስ አስቀድሞ፣ የእርሳቸውንም ከኋላዋ በምሕረቱ ይቀበል። የአቶ ጨመዳ እናት አዴ ሶረቲ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ አስከሬኑ ከመነሣቱ በፊት ወንድማችሁ ቂርቆስ ወደ እርሳቸው ዞሮ፣ «ጨመዳ አልተኛም» የሚለውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በኦሮምኛ ያነባል፦

አዴ ሶረቲ፣ ጨመዳን ሂን ራፍኔ።