ማለዳ በሬ ሲንኳኳ

ለውድ እህቴ ለዘርፈሽዋል፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም ውኃ እየተሸከምሽ ታባብሺዋለሽ? በድሉስ? ልጆቹስ? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል፣ ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አረጋውያን የምንጦርበት ሥራ እግሬን ያሳብጠዋል እንጂ ሌላ የሚያማርር ነገር የለኝም።

የቅዳሜውን ጉዴን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ትስቂያለሽ። እዚህ እንደ አባት የሆኑኝ ባለታክሲው ጋሽ ተኽለሚካኤልና ባለቤታቸው እትዬ እንቁ፣ ፓይክ የሚባል የመንግሥት ደን ሄደን ድንኳን ተክለን እንደር ብለውኝ እሺ ብዬ ነበር። ብቻ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም። በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እሳቸው ጋቢ ተከናንበው፣ እትዬ እንቁ ነጠላ ለብሰው ቆመዋል። የአባባን መርዶ ያመጡልኝ እኮ እነሱ ናቸው፤ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ጋቢ ለብሰው። «እማዬን!» ብዬ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። አሜሪካዊቷ ጎረቤቴ በሌሊት ልብሷ ወጥታ ፖሊስ ልትጠራ ምንም አልቀራት። ጋሽ ተኽለሚካኤል ደንግጠው አቀፉኝና፣ «ልጄ፣ ማንም አልሞተም፤ ዓሣ ልናጠምድ ነው» አሉኝ። ጋቢው ለካ ለተራራው ብርድ ኖሯል።

ደኑ ደስ ይላል። ጥዱ ይሸታል፣ ወንዙ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ድብ እንዳይመጣ ምግቡ ሁሉ መኪና ውስጥ ይቆለፋል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ኔትወርክ ስለሌለ ስልኬን ይዤ ከድንጋይ ድንጋይ ስወጣ ዋልኩ፤ ጋሽ ተኽለሚካኤል ፍየል ሆነች እያሉ ሳቁብኝ።

በማግስቱ ስንመለስ የጥንት ወርቅ ቆፋሪዎች የኖሩበትን መንደር አየን። ቤቶቹ ባዶ ናቸው። አስጎብኚዋ እንደነገረችን፣ ክረምት በረዶ መንገዱን ስለሚዘጋ ቆፋሪው የእናቱን ሞት የሚሰማው ወራት ቆይቶ፣ ለብቻው ደብዳቤ እያነበበ ነበር። ጋሽ ተኽለሚካኤል ሲተረጉሙላቸው እትዬ እንቁ ዓይናቸው እንባ ሞላና፣ «ታዲያ ማን አቀፋቸው?» አሉ።

ጎህ ሲቀድ በር እያንኳኳ በሚያረዳው ወጋችን ተናድጄ ነበር፤ እዚያው ቆሜ ንዴቴ በረደ። የአባባ ጊዜ እነዚህ ሁለት ሰዎች አቅፈውኝ ባይውሉ ምን እሆን ነበር? ስለዚህ እህቴ፣ ቀኑ ሲደርስ መርዶው እንደ ወጉ በሰው ይምጣ። የሕመም ወሬን ግን ለማንም ሳትተዪ፣ ሳትደብቂ ራስሽ ንገሪኝ። አባባ ከአልጋ ከዋለ በኋላ «ደህና ነው፣ ተኝቶ ነው» ስትሉኝ ከረማችሁ። እንዳልጨነቅ ብላችሁ ነው፤ አልተቀየምኩም ብልሽ ግን እዋሻለሁ። ዓይኑን ሳላየው ቀረሁ።

አሁን ደግሞ በደወልኩ ቁጥር እማዬ ቤተክርስቲያን ሄዳለች፣ ጎረቤት ናት ትይኛለሽ። እማዬ እኮ ጉልበቷ ከያዛት ወዲህ ከደጅ አትወጣም። ከታመመች ንገሪኝ፤ አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ በሕይወት ሳለች ልምጣ።

በድሉን ሰላም በይልኝ። መቅደላዊትንና ትንሹን ፍፁምን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እትዬ ፈትለወርቅንም ጎረቤቶቹንም እንደየስማቸው ሰላም በይልኝ። እማዬን ግን ሰላም በይልኝ አልልሽም። ራሴ እንደ ወትሮው እሁድ እሁድ እደውላለሁ፤ መነሣት ካቃታት ስልኩን አልጋዋ ድረስ ውሰጂላት።

እህትሽ ዓለምነሽ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ሐምሌ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.