ለሙት ወቃሽ የተተከለው ድንኳን

የካቲት 10

መብራት የለም። ፎቶ ቤቱ ደጅ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ዋልኩ። ከሰዓት መጣ። ጉርድ ፎቶ አነሳሁ፣ ካርድ ሸጥኩ። አንድ የዳባት መምህር ሚሞሪውን አምጥቶ «ዘፈን ጫኝልኝ» አለ። ምን ዓይነት? «የተገኘውን።»

የተገኘውን ካለማ... ከሌላው ጋር የእኛንም ጫንኩለት። 

እንግዲህ ወጣ። «ቀባሪ አጣሁ» የሚል አልበም፣ ራፐሩ «ሙት ወቃሽ»። ሙት ወቃሽ እኔ ነኝ፣ ማስተዋል። ድምፄን ኮምፒውተር ላይ አወፍረነው ከጉድጓድ የሚወጣ መስሏል። ምቱን የሠራው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ድረስ ነው፤ አብረን ነው የተማርነው። «የሚያስፈራ ራፕ ነው፣ ውጭ አገር ሆረርኮር ይሉታል፤ ለደባርቅ የመጀመሪያው ይሄ ነው» ይላል። ሁለተኛ የሚመጣ ይመስል።

ከድረስ ሌላ የሚያውቅ የለም። እማ ካወቀች... ተይው።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሰምቶት ይፍራ። እኔን ማን ፈርቶ ያውቃል? ፎቶ ሳነሳ «አገጭዎን ቀና» ስል እንኳ የሚሰማኝ የለም።

የካቲት 14

ለደንበኛው ሁሉ እየጫንኩ፣ ሲመለስ እንደ ዋዛ እጠይቃለሁ። አዲስ ልጅ ነው፣ እንዴት አገኛችሁት?

መምህሩ፦ «አሪፍ ነው። ጠዋት ፑሽ አፕ ስሠራ እሰማዋለሁ።» ሬሳ የገዛ ጉበቱን የሚበላበትን ማለቱ ነው!

ጎረቤታችን ፀጉር ቤት ያለችው ደብሪቱ፦ «ልጁን ጉንፋን ይዞታል እንዴ? ዝንጅብል ይጠጣ።»

ድረስ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የካቲት 17

ሁዳዴ ገባ። ከጠዋት ጀምሮ ሰልፍ ነው። ሁሉም ዘፈኑን ያስጠፋል፣ መዝሙር ያስጭናል። በገዛ እጄ የገዛ አልበሜን ስሰርዝ ዋልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው የጾም ዋዜማ ላይ አልበም የሚያወጣ? እኔና ድረስ።

የካቲት 22

ዳባት ለትምህርት ቤት ፎቶ ላደርስ ሄድኩ። በሾፌሩ በሻረው ሚኒባስ። ገና ሳንነሳ የእኔ ድምፅ! ያውም «ትል ሲጋብዘኝ» የሚለው። ክው አልኩ።

«ሻረው፣ ጾም አይደል እንዴ?» አልኩት።

«ታዲያ ምን አለበት? ጭፈራ የለው፣ ፍቅር የለው፣ ወገብ የለው። ከዳር እስከ ዳር መቃብር ነው። እንደውም ጾሙን ያሳስባል።»

ከኋላ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እውነቱን ነው። ነገ የትል ሲሳይ ለምንሆነው...» አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ አሜን አለ። በሆረርኮር ላይ አሜን! ዳባት እስክንደርስ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ።

የካቲት 28

በዚህ ጾም የማይሰማው ሰው ጠፋ። ያስጠፉት ሁሉ ተመልሰው መጡ፤ «ያንን የንስሐውን ልጅ ጫኝልን» ይላሉ።

የንስሐው ልጅ።

መጋቢት 3

ላቀው ከአምባራስ ለገበያ መጣ። ባለፈው ለትንሿ ስፒከሩ ጭኜለት ነበር። ጅብ በጎቹን አላስተኛ ብሎት «የሚያስፈራ ካለሽ» ብሎኝ ሄዶ ነበር። በጉጉት ጠየቅኩት።

«ኧረ ተይኝ እቴ! በረት ውስጥ ከፈትሁት። ጅቡ ቁጭ ብሎ ሰማ። በጎቹ አጥር ጥሰው ጠፉ። ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልግ ሰነበትሁ።»

እስካሁን የፈሩኝ እነሱ ብቻ ናቸው። ግን ፈሩ! ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

መጋቢት 8

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ለመታወቂያ ፎቶ መጡ። በሻረው መኪና ሰምተውታል።

«ቤቱስ ይመታል» አሉ፣ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ። «ምሥጢሩ ነው የጎደለ። ሰሙ ሬሳ፣ ወርቁም ሬሳ። ልጁ የቅኔ ቤት ደጅ አልረገጠም። ባገኘው ጉባኤ ቃና አስጀምረው ነበር።»

«አያስፈራም አባ?»

«ምኑ?»

ፎቷቸው ተንቀሳቅሶ ወጣ። ድጋሚ አነሳሁ።

መጋቢት 14

ደብረ ዘይት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማ ምስር ልትለቅም ተቀመጠች። ስልኳን ከፍታ ከጎኗ አስቀመጠችው። እኔ ነኝ! ሻረው ነው የጫነላት። ቤታችን ውስጥ፣ ምስሩ መሀል፣ በዚያ በጉድጓድ ድምፅ...

«አፈር ተንተርሼ ጉበቴን ስበላ፣
ጅቡ ደጅ ጠናኝ፣ ቆሞ ከበር ኋላ።»

እማ እጇን ከሰፌዱ አነሳች። አሁን ልትፈራ ነው አልኩ።

«ምስኪን» አለች። «ይሄ ልጅ እናት የለውም? የሚያበላው ቢያገኝ መቼ ጉበቱን ይበላ ነበር?»

ማታ ስትጸልይ ሰማኋት። «ያንንም ልጅ አደራ» አለች። ስሙን ስለማታውቀው «ያንን ራቡ የጠናበትን» ብላ ለየችው።

መጋቢት 19

ጉድ ፈላ።

ድረስ የመጨረሻው ዘፈን ማብቂያ ላይ የድንጋይ መንከባለል ድምፅ አስገብቷል። ከዚያ ንፋስ። ከዚያ እኔ፦ «ሊማሊሞ ገደል ሥር ነኝ... ቀባሪ አጣሁ... አትፈልጉኝ።» ያን ስንቀዳ ራሳችንን አድንቀን ነበር።

እማ እሱን ይዛ የእድሯ ስብሰባ ሄደች። ስልኩን መሀል አስቀምጣ አሰማቻቸው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ እንግዳው ከወንበራቸው ተነሡ አሉ። «ደባርቅ ላይ ቀባሪ አጣሁ የሚል ክርስቲያን? እኛ ምን እየሠራን ነው? ዳባቶች ቢሰሙ ምን ይሉናል?» ሻረው «ሰምተዋል» አላቸው። የባሰ ተናደዱ።

እሑድ ገመድ ይዘው ሬሳ ሊፈልጉ ይወርዳሉ።

ድረስን «እንናገር» አልኩት። «ተይ፣ ይበርድላቸዋል። ሽቅብ ቁልቁል ብለው ይደክማቸዋል» አለ። እሺ አልኩ። እማ ፊት ቆሜ «ጉበት የምበላው እኔ ነኝ» ልበል?

መጋቢት 20

አልበረደላቸውም። ገመድ ሲፈትሉ ዋሉ።

መጋቢት 21

ሄዱ። ድረስም እንዳይጠረጠር አብሮ ወረደ። ጀርባው ሁሉ አፈር ሆኖ መጣ። ጋሽ እንግዳው ገደሉ ላይ አዳልጧቸው እግራቸው ወለም ብሏል፤ ወጌሻ አሽቷቸው ነው የተኙት። በእኔ ዘፈን የሽማግሌ እግር...

ሬሳ የለም። የተገኘው አንድ እግር ጫማ ነው። ሰማያዊ ፕላስቲክ። መንገደኛ ሁሉ ቆሻሻ በሚወረውርበት በሊማሊሞ ጫማ መገኘቱ ይገርማል? እነሱ ግን ጉዳዩ አበቃላቸው። ሬሳውን አውሬ ወስዶታል፣ ጫማው ቀርቷል።

«ትንሽ ናት» ብላ እማ ጫማይቱን ይዛ አለቀሰች። «ልጅ እግር ነው።»

ነገ ድንኳን ይተከላል።

መጋቢት 22

ሁሉንም ልጻፈው።

ማለዳ ጡሩምባው በየሰፈሩ ዞረ። «ሙት ወቃሽ የተባለው ወጣት ስላረፈ የእድሩ አባል ሁሉ!» ድንኳኑ ተተከለ። ንፍሮ ተቀቀለ። ጫማው ወንበር ላይ ነጠላ ለብሶ ተቀመጠ። ሻረው ሚኒባሱን አቅርቦ አልበሙን ከፈተ፤ «የሟች ድምፅ ነው» እያለ። ጋሽ እንግዳው በከዘራ እያነከሱ ገብተው ጫማው ፊት ጎንበስ አሉ። መምህሩ ሳይቀር ከዳባት መጥቷል። ፊቱን አጥቁሯል።

እኔ ውኃ አመላልሳለሁ። ድረስ ከድንኳኑ ጥግ በዓይኑ ይለምነኛል። ዝም በይ፣ ድንኳኑ በሦስት ቀን ይነሣል።

ከዚያ እማ ተነሣች። እማ ሙሾ ስታወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ አባዬ ሲሞት እንኳ ድምፅ አልነበራትም። ደረቷን ይዛ፣

«ስሙን አላውቀውም፣ መልኩን አላየሁት፣
ሰው ካጣ ልጄ ነው፤ እኔ ነኝ የወለድሁት።»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። በአንድ ዓመት የጻፍኩት ሁሉ ተሰብስቦ ይቺን አያህልም። ቅናትም ነበረበት፣ አልዋሽም። ከሁሉ በላይ ግን አሳዘነችኝ። ለማታውቀው ልጅ አንጀቷ እንዲህ ሲላወስ እኔ ማሰሮ ይዤ ልቆም?

«እማ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሉኝ ሴቶቹ። ደብሪቱ ፊቴ ላይ ውኃ ረጨችብኝ። «ሐዘን ገባት!»

«ሐዘን አይደለም! ሙት ወቃሽ እኔ ነኝ! አልሞትኩም!»

«ሙቱ ሰፍሮባታል» አለ አንዱ። መሪጌታን ጥሩ አሉ። መሪጌታ እዚያው ነበሩ፤ መስቀላቸውን አወጡ። ያን ጊዜ ሌላ መላ አጣሁ። ሻረውን «ዝጋው» ብዬ ጮህኩና በራሴ ድምፅ፣ በዚህ በቀጭኑ፣ ያለ ምንም ምት፣ ጉበቱን ጀመርኩ። ጅቡን አስከተልኩ። ትሉን። እስከ ሊማሊሞ ድረስ ሄድኩ። ያቋረጠኝ የለም።

ስጨርስ ንፍሮው ሲንተከተክ ብቻ ይሰማል።

ጋሽ እንግዳው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «እንግዲህ» አሉ፣ «ሟች በሕይወት ተገኝታለች። እግዚአብሔር ይመስገን። ድንኳን ግን አንዴ ከተተከለ ወጉ ሦስት ቀን ነው። ንፍሮውም ተቀቅሏል።» ሁሉም ተቀመጠ። ለእኔም ንፍሮ ታደለኝ። በራሴ ለቅሶ ላይ ባቄላ በላሁ።

ከዚያ ደግሞ ጋሽ እንግዳው ወደ ወንበሩ ዞሩ። «ቆይ፣ ጫማው የማን ነው ታዲያ? ይሄም ቀባሪ ያጣ ቢሆንስ?»

ሻረው አንገቱን አስግጎ አየው። «የእኔ ነው መሰለኝ» አለ፤ እግሩ እንደ ልጅ ትንሽ ነው። አንዴ ሊማሊሞ ላይ ዝንጀሮ ቦኔቱ ላይ ቢወጣበት ወርውሮበት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሲያለቅስለት ነው የዋለው።

እማ አልሳቀችም። ቤት ስንገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች።

«እኔ እያለሁ ነው ቀባሪ አጣሁ ያልሽው?»

«እማ፣ ግጥም እኮ ነው።»

«ግጥም ከየት ይመጣል?»



መጋቢት 23

እማ አታናግረኝም።

መጋቢት 29

አታናግረኝም። ምሳ ትሰጠኛለች፣ «ብዪ» አትለኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 3

ያልጠበቅኩት ነገር። ሰው ፈራኝ!

ያ ሁሉ ሰው ወፍራሙን ድምፅ ሲሰማ አሜን ይል አልነበር? አሁን ያቺ የፎቶ ቤቷ ቀጭን ልጅ ናት ሲባል ጭንቅ ሆነ። ሻረው ስሳፈር ሒሳብ አይጠይቀኝም፤ በመስተዋት እንኳ አያየኝም። ደብሪቱ ፀጉሬን ስትሠራኝ እጇ ተንቀጥቅጦ ጆሮዬን አቃጠለችኝ። መምህሩ አልበሙን አስጠፍቷል፤ «እንቅልፍ ነሳኝ» አለ ለድረስ። ለእኔ አይነግረኝም። መሪጌታ ሰላም ብለው ያልፋሉ፣ መስቀል ግን ከሩቅ ነው። «አገጭዎን ቀና» ስል ደንበኛው እስከ ጣሪያ ቀና ይላል።

የተመኘሁት ይኼው ነበር። አንድ ቀን ደስ አለኝ። ከዚያ ምሳ አብሮኝ የሚበላ አጣሁ።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። እማ «እንኳን አደረሰሽ» አለችኝ። የበዓል ግዴታዋ ነው። ሌላ ቃል የለም።

ሚያዝያ 19

እድሩ አባል አድርጎኛል፤ ጋሽ እንግዳው «ለእንዲህ ያለ ሰው ቶሎ መዝግቦ መገላገል ነው» ብለው። ዛሬ ከገበያው በላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ አርፈው የንፍሮ ተራ ደረሰኝ። ሴቶቹ ከሌላኛው ምድጃ ጋር ተፋፍገው ተቀመጡ። እኔ ዘንድ ሰው የለም። ስንዴና ባቄላ ብቻ።

እማ መጣች። በርጩማዋን እየጎተተች አጠገቤ ተቀመጠች። ንፍሮውን ቀመሰች። «ጨው አነሰው።»

ጨመርኩ። «አንቺስ አትፈሪኝም?» አልኳት።

«ምንሽን ነው የምፈራ? ቂጥሽን ጠርጌ ያሳደግሁሽ።» እሳቱን ቆሰቆሰች። «ጫማይቱን ሳይ ነው የፈራሁት» አለች። «ትንሽ ናት። የማላውቀው ልጅ መስሎኝ እንኳ አንጀቴ ተቆረጠ። አንቺ ብትሆኝስ? እኔ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ? አንቺ ገደል ገብተሽ እኔን ማን ሊቀብረኝ? ቀባሪ አጣሁ ማለት ለእኔ እንጂ ላንቺ አያምርም።»

ጭሱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ። አልነበረም። እማም እንዳልሆነ አውቃለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

ቤት ገብተን፣ እሷ ጓዳ ሆና እራት ስታሰናዳ፣ አልበሙን ከፈትኩት። ከወጣ ወዲህ ብቻዬን ሰምቼው አላውቅም። የመጀመሪያዎቹ ምንም አይሉም፣ ደህና ናቸው። የመጨረሻው ላይ ድንጋዩ ተንከባለለ። ንፋሱ መጣ። አሁን «ሊማሊሞ ገደል ሥር ነኝ» ልል ነው። ጫማይቱ መጣችብኝ። እማ ጫማይቱን እንደያዘች። አጠፋሁት።

«ምነው አጠፋሽው?» አለች ከጓዳ።

«ፈራሁ።»

«ጎሽ» አለች እማ። «ነይ ብዪ።»