ሳይለካ የማይዘጋ ጉድጓድ

«ለወንድሜ አፊያ ነች በዪልኝ። ባረጀ ነገር ላይ መልፋት ትርፉ ድካም ነው።»

እዚህ አሜሪካ ጎረቤታችን የሆነችው ዙበይዳ ከኮምቦልቻ ስትመለስ ይህን ቃልሽን ነገረችኝ፤ ሐኪምሽ ያዘዘልሽንና የላክሁትን የልብ መድኃኒትም ሳይከፈት አስረከበችኝ። አሰላሙ ዓለይኩም፣ እታለሜ። ሰላምታዬን ቁጣዬ ስለቀደመው ይቅር በይኝ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እዚህ ቴክሳስ፣ አዲሰን የምትባል ከተማ ያለው ቢሯችን መንግሥት በሚደግፈው ምርምር ተጠምዷል። ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ አባታችን ሳይወለድ የተቆፈሩ የነዳጅ ጉድጓዶች አሉ። ባለቤቶቹ «ነዳጃቸው አልቋል» ብለው ሊዘጓቸው ነበር። እኛ ጋዝ ወደ ታች ብንገፋ፣ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ የቀረው ነዳጅ ተላቀቀ፤ አንዱ ጉድጓድ ዛሬ ከአዲሶቹ እኩል ይሰጣል። በእኛ ሥራ ሳይለካ «አርጅቷል፣ ይዘጋ» የሚል ሰው ይባረራል።

ልጄ ማርዋ ስጽፍ አይታ፣ «ባባ፣ ኦኬ፣ አክስቴን እንደ ኢንጂነሮችህ አትጨቅጭቃት!» አለችኝ። እጨቀጭቃለሁ። እኔ ዩኒቨርሲቲ እንድገባ አንቺ ከአሥረኛ ክፍል ወጥተሽ ሱቅ ቆምሽ። ሰግጄ ስነሣ ስለ አንቺ አላህን ሳላመሰግን የቀረሁበት ቀን የለም። ስለዚህ እምቢታሽን አልቀበልም።

የአጎታችን ልጅ ሲራጁዲን ሰኞ ከዚህ ሲነሣ መድኃኒቱን መልሶ ያመጣልሻል፤ ደሴ ወስዶም ያስመረምርሻል። አላህ አፊያሽን ያብዛልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ሐኪሙ ያለውን ሳትቀንሺ፣ በራስሽ እጅ ጽፈሽ እስከ ጥቅምት ዐሥር ላኪልኝ። በስልክ አልቀበልም፤ በስልክማ ሁልጊዜ ደህና ነሽ።

ወንድምሽ ጦልሃ