በአዳራሹ መስኮት ስለገባችው ድሮኔ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለአካባቢው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቢሮአቸው

ጉዳዩ፦ እሑድ ጠዋት በስብሰባ አዳራሹ መስኮት ገብታ የተያዘችው ድሮኔ ከፊታችን ቅዳሜ ፈተና በፊት እንድትለቀቅልኝ፣ እንዲሁም «ዳግመኛ እንዳታበር» የሚለው ውሳኔ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ከጽሕፈት ቤትዎ የኋላ አጥር ማዶ፣ ሜዳውን ተሻግሮ ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። ትምህርቴን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ስለተከታተልኩ፣ ይህን አቤቱታ በርዎ ላይ ተቀምጠው ማመልከቻ ለሚጽፉት ሰውዬ ሳላስጽፍ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ሰውዬው የሰውን ቃል እየከረከሙ ያሳጥራሉ ይባላል። እኔ ደግሞ ለሰው ሳሳጥር ኖሬ የራሴን ማንም እንዲያሳጥርብኝ አልፈልግም። ስለዚህ ጽሑፉ ትንሽ ቢረዝም ወንበርዎን አመቻችተው እንዲያነቡልኝ ከወዲሁ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ድሮኗ እንዴት እጄ እንደገባች። ከሱቄ ቀጥሎ ሠርግ የሚቀርጽ ቪዲዮ ቀራጭ አለ። ሙሽሮች ከእኔ ወንበር ተነስተው ወደ እሱ ካሜራ ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን ሙሽራ ሸኝቼ ደጃፌ ላይ ቆሜ ሳለ፣ እሱ ለካ ድሮኑን ከበላያችን አስነስቶ ኖሯል። በኋላ ስክሪኑን አምጥቶ አሳየኝ። የቤቶቹ ጣራ፣ ጠባቧ መንገዳችን፣ የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ፣ ከዚያ ደግሞ ሽርጥ የታጠቀች አንዲት ሴት፣ አናቷ ላይ ፀጉሯ ሳስቶ ቆዳዋ የሚታይ። «ይቺ መላጣ ደግሞ ማናት?» አልኩት። «አንቺ ነሻ፣ እትዬ!» አለኝ። ክቡር ኃላፊ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው አናት ሳይ ኖሬ የራሴን አናት ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ይሆናል። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ የእኔ ሳቅ ደግሞ አንዴ ከመጣ ቶሎ አይሄድም። ሰማይ ላይ ወጥቶ ራስን ማየት እንዲህ ከሆነ ለምን እስካሁን ሳልወጣ ቀረሁ ብዬ በዚያው ሳምንት አሮጌዋን ድሮን ከእሱ ገዛኋት። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባለቤቴ ሣጥኑን አይቶ «አንቺ ሴትዮ፣ መሬቱ አልበቃ አለሽ?» አለኝ። «መሬቱንማ አንተ በአውቶቡስህ ይዘኸዋል» አልኩት።

2. ስለ ልምምዴ። በዘፈቀደ አበረረች እንዳይባል ይህን ማስረዳት አለብኝ። ቪዲዮ ቀራጩ አስተማሪዬ ሆነ፤ ሲያስተምር ደግሞ ደረቅ ነው። «እትዬ፣ መጀመሪያ ማቆሙን ተማሪ፣ መብረሩ የትም አይሄድብሽም» ብሎ ድሮኗን በደረቴ ትክክል አየር ላይ ቀጥ አድርጌ እንድይዛት ብቻ ስንት እሑድ አመላለሰኝ። ንፋስ ሳይነሳ በማለዳ፣ ሰውና የመብራት ሽቦ በሌለበት ሜዳ፣ ክንፎቿ ዙሪያ መከላከያ ተደርጎላት፣ ዓይኔን ከስክሪኑ አንስቼ እሷው ላይ ተክዬ ነው የተማርኩት። የካሜራውን ቁልፍ እንድነካ እንኳ አልፈቀደልኝም። «ማሳረፍ ሳትችዪ ምኑን ትቀርጪያለሽ?» ነው መልሱ።

የመጀመሪያው ቀን ብድግ ስትል ሪሞቱን ጥዬ ከአስተማሪዬ ጀርባ ተወሽቄአለሁ፤ ይህን አልደብቅም። ከዚያ ግን አንድ እሑድ ፊት ለፊቴ ቀጥ ብላ ቆመች። አየር ላይ በምስማር የተመታች ነው የምትመስለው። ያቆምኳት ደግሞ እኔ ነኝ! ልጆቼ ዳዴ ትተው ሲራመዱ እንኳ እንደዚያ አልጮህኩም፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ልጆቼ ባያዩብኝ ደስ ይለኛል። ቀጥሎ አራት ማዕዘን አበረርኩ፣ ቀጥሎ ክብ። ሰኞ ሰኞ ሥራ ስገባ አውራ ጣቶቼ ማበጠሪያውን ይዘው ክብ ሲዞሩ አገኛቸው ነበር።

3. ስለ ፈቃድ። በሜዳው ለመለማመድ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ጠይቄአለሁ። ጸሐፊዎ «እሑድ ቢሮው ዝግ ነው፤ ማን ያይሻል፣ እትዬ? ብረሪ!» ብላኛለች። ይህን የምጽፈው እንዲቆጧት አይደለም። ጥሩ ልጅ ናት፤ ብትቆጧት ደግሞ እኔ ዘንድ መጥታ ነው የምታለቅሰው፤ እንባ ደግሞ ቀለም ያበላሽብኛል።

4. ስሕተቱ የመጣው ከሙያዬ ነው። ፀጉር ሠሪ ቀኑን ሙሉ እጇን የምታየው መስታወት ውስጥ ነው። መስታወት ፊት ቆመው እጅዎን ወደ ፊት ሲገፉ፣ ውስጥ ያለው እጅ ወደ እርስዎ ይመጣል፤ ወደ ኋላ ሲስቡት እሱም ይሸሻል። ቢሮዎ ውስጥ መስታወት ካለ በሩን ዘግተው ይሞክሩት። እንግዲህ የእኔ እጅ ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ሕግ ሲገዛ ኖሮ፣ የሚያየውን ነገር ወደ እኔ ላምጣ ሲል ራሱ ይገፋል፤ እኔን አያማክረኝም። የድሮን ሪሞት ግን መስታወት አያውቅም። ሲገፉት ትሄዳለች፣ ሲስቡት ትመጣለች፤ አለቀ።

ባለፈው እሑድ ድሮኗ ሜዳውን አጋምሳ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ጠጋ አለች። ልመልሳት ብዬ ገፋሁ። ሄደች። አጥብቄ ገፋሁ። አጥብቃ ሄደች። አስተማሪዬ ከኋላዬ «ሳቢ! ሳቢ እንጂ፣ እትዬ!» እያለ ይጮሃል፤ እኔ ደግሞ «እየሳብኩ ነው፣ አትጩህብኝ!» እያልኩ በሙሉ ኃይሌ እገፋለሁ። ግራ ሲገባሽ እጅሽን አንሺ፣ እሷ ራሷ ባለችበት ትቆማለች ብሎ አስተምሮኝ ነበር። ነገር ግን ግራ ሲገባ እጅ ማንሳት በእኛ ሙያ የለም፤ ግማሹን የቆረጡትን ፀጉር ትቶ የት ይኬዳል? በዚህ ሁኔታ ድሮኗ አጥሩን ተሻግራ በተከፈተው የአዳራሹ መስኮት ሰተት ብላ ገባች። እጄን ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው። እሷም በተማረችው መሠረት በአዳራሹ መሐል ቀጥ ብላ ቆመች።

5. አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሻለሁ። ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ሳደርግ ክቡርነትዎን አየሁ። ድምፅ የሚያመጣ ነገር የላትም፤ ስለዚህ አንድም ቃል አልሰማሁም። ያየሁት መድረኩ ላይ ቆመው፣ ወረቀት ይዘው፣ ማንም ለሌለባቸው ወንበሮች ሲናገሩ ነው። እጅዎን ወደ ላይ አነሱ። አልጣመዎትም መሰለኝ አወረዱት። እንደገና አነሱት። ከዚያ ቀና ሲሉ ድሮኗን አዩና ወደ ጠረጴዛው ሥር ወረዱ። እኔም ብሆን እወርድ ነበር።

ሪሞቱን እንደያዝኩ በዋናው በር ዞሬ ስሮጥ ጥበቃው «እሑድ ነው፣ እትዬ። ኃላፊውም የሉም፣ ማንም የለም» ብለው መለሱኝ። «ኧረ አሉ ጋሼ፣ እያየኋቸው ነው!» ብዬ ስክሪኑን ላሳያቸው ካልኩ በኋላ ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ገብቶኝ በሽርጤ ሸፈንኩት። ጥበቃው ሐሰተኛ አይደሉም፤ የሉም በል የተባሉትን ነው ያሉት። ትንሽ ቆይተው ክቡርነትዎ የወረቀት መጣያ ቅርጫት ደፍተውባት የማረኳትን ድሮኔን ይዘው ወጡ። ለእኔ አንድ ቃል ሳይናገሩ ለጥበቃው «ይህ ስለላ ነው!» አሉ። ሱሪዎ ጉልበቱ ላይ አቧራ ነበረው፤ ላራግፍልዎ አስቤ ሰዓቱ አይመስለኝም ብዬ ተውኩት።

6. በስለላ ስለመከሰሴ። ትናንት የደረሰኝ ደብዳቤ «ለስለላ ተግባር የዋለ መሣሪያ» ይላል፤ ዳግመኛም ላላበር በፊርማዬ እንዳረጋግጥ ያዛል። በመጀመሪያ፣ ከላይ እንደገለጽኩት ካሜራው እንዴት እንደሚቀርጽ ገና አልተማርኩም፤ ድሮኗን ሲያስፈትሹ ምንም አያገኙባትም። ሁለተኛ፣ ብሰልል ለማን ነው የምሰልለው? እኔ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ሳልጠይቃት የምትነግረኝ ነገር ለአንድ መንግሥት ይበቃል። ለዚህ ድሮን አያስፈልገኝም።

ስለ ጠረጴዛው ደግሞ እስከዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ይህ ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብድ ባለቤቴን ቢጠይቁት ያስረዳዎታል። አፌ ሊያመልጠኝ ሲል ደንበኛዋ ላይ የፀጉር ማድረቂያውን ፎን እከፍትባታለሁ። ይህን የምለው ለማስፈራራት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ድሮኗን ባይመልሱልኝም አልናገርም።

7. የወሰድኩት እርማት። ከትናንት ጀምሮ የፀጉር ቤቴን መስታወቶች በአንሶላ ሸፍኜ፣ እጄን በቀጥታ እያየሁ ነው የምሠራው። ደንበኞቼ ደስ አላላቸውም። አንዷ «እትዬ፣ ፊቴን እንዳላይ የከለከልሽኝ ምን አድርገሽኝ ነው?» ብላ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። እጄ ግን እየተቀየረ ነው። ማታ ማታ አስተማሪዬ ባትሪ የሌለው ሪሞት አስይዞኝ «አምጫት!» ይለኛል፣ እስባለሁ፤ «ስደጃት!» ይለኛል፣ እገፋለሁ። ትናንት አንድም ጊዜ አልተሳሳትኩም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግራ ሲገባኝ እጄን ማንሳት ተምሬአለሁ። ባለቤቴ ይህን ትምህርት ለአፍሽም ቢያደርሱልሽ ብሏል፤ አስተያየቱን ለመዝገቡ ያህል ነው የጻፍኩት።

8. ለምን እንደምቸኩል። የፊታችን ቅዳሜ የጀማሪ አብራሪዎች ፈተና አለ። የጽሑፉን አልፌአለሁ። የቀረኝ የተግባሩ ነው፤ ማንሳት፣ ማቆም፣ በክብ ማዞር፣ ከዚያ መሬት ላይ የተሰመረ ክብ ውስጥ ማሳረፍ። ተፈታኝ ሁሉ በስሙ በተመዘገበ ድሮን ብቻ ነው የሚቀርበው፤ ያልቀረበ እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል። አብረውኝ የሚፈተኑት ሁሉ ከልጆቼ ያነሱ ናቸው። «እማማ፣ ለልጅሽ ነው የመጣሽው?» ብለውኛል። ለራሴ ነው። ሙያ ላደርጋት አይደለም። ሙያ አለኝ። ነገር ግን እጄ መቀስ ከያዝኩበት ቀን ጀምሮ ሲሠራ የኖረው ሌላ ሰው አምሮበት ወጥቶ እንዲሄድ ነው፤ ድሮኗ ብድግ ስትል ግን አምሮብኝ የምሄደው እኔ ነኝ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም።

በነገራችን ላይ ባትሪዋ ሙሉ እንደሆነ ብዙ ከተቀመጠ ያብጣል። መሳቢያ ውስጥ ከሆነች እባክዎን ሙቀት ካለበት ያርቋት።

9. ሌላም ነገር አለ፤ ድፍረት ከሆነብኝ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ለሥራው አዲስ ነዎት፤ ከነዋሪው ጋር የመጀመሪያው ስብሰባዎ በሚቀጥለው ሳምንት መሆኑን በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ይናገራል። እኔ እሑድ ጠዋትን የመረጥኩት ሳልችል ማንም እንዳያየኝ ብዬ ነው። እርስዎም አዳራሹን እሑድ ያስከፈቱት ለሌላ ነገር አይመስለኝም። ሁለታችንም ያልቻልነውን ተደብቀን ስንለማመድ ነው የተገናኘነው። የእኔ ጥፋት ሳላንኳኳ መግባቴ ነው፤ ለእሱም ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ፦

ሀ) ድሮኔ እስከ ዓርብ ድረስ እንድትለቀቅልኝ፣

ለ) ላለማብረር ፈርሚ የተባልኩት ተነስቶልኝ፣ በሱ ፈንታ የአዳራሹ መስኮት ባለበት በኩል ላለመጠጋት እንድፈርም እንዲፈቀድልኝ፣

ሐ) ደብዳቤው ውስጥ «ስለላ» የሚለው ቃል «አለመቻል» በሚል እንዲታረምልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ውለታ ሳልከፍል መጠየቅ ስለማልወድ ደግሞ ይህን ልጨምር። ባዶ ወንበር መጥፎ አድማጭ ነው፤ ሰው ያስፈራል። ሐሙስ ከሰዓት ፀጉር ቤቴ ውስጥ አናት ላይ የሚደፉት የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች ሁሉ በሥራ ላይ ናቸው። ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት ከጩኸቱ የተነሳ አንድ ቃል አትሰማም፤ ነገር ግን ፊት ለፊቷ ቆሞ የሚናገር ሰው ካየች ሰምታ እንዳልሰማች እንዳይመስልባት ራሷን ትነቀንቃለች። ሁሉም ይነቀንቃሉ። እጅዎን ሲያነሱም ይነቀንቃሉ፣ ሲያወርዱም ይነቀንቃሉ። ለጀማሪ ተናጋሪ ከዚህ የተሻለ ሕዝብ በየትም አይገኝም። ወረቀትዎን ይዘው ብቅ ይበሉ፤ ማንም አይጠይቅዎትም። እግረ መንገድዎን ድሮኗንም ይዘውልኝ ይምጡ።

ከአክብሮትና ከሞቀ የጎረቤት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
እትዬ ሚዶ
የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤትና ጀማሪ አብራሪ

ግልባጭ፦
— ለማንም አይደርስም