ቀኑን ስጠይቀው

ጥር 24፣ እሑድ፣ ምሽት 1 ሰዓት

ደብተሬ፣ 1 ለ 0 አሸነፍን። እጄ አሁንም ቅባት ቅባት ይሸታል። የዛሬ ሥራዬ፦ ሁለት ቁርጭምጭሚት፣ አንድ የጡንቻ መሸማቀቅ፣ አንድ ጭንቅላት። ለወጌሻ ቀላል ቀን ነው።

ጭንቅላቱ የደሳለኝ ነው። የመሃል ተከላካያችን፣ የዳባቱ ልጅ። 60ኛው ደቂቃ ላይ ከእነሱ አጥቂ ጋር አየር ላይ ተጋጩ። ወደቀ። ሮጬ ደረስኩ። ዓይኑ ተከፍቷል፣ እኔን ግን አያይም። ውሃ አፈሰስኩበት። አሰልጣኙ ከዳር ይጮሃል፣ ዳኛው ሰዓቱን ያያል። መጠየቅ ያለብኝ አምስት ጥያቄ ነው፤ አንዱን ብቻ ጠየቅሁ። ዛሬ ምን ቀን ነው? ወዲያው "ሚካኤል" አለኝ። አገሬው ቀን የሚቆጥረው በታቦት ነው፣ አልገረመኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ። አውራ ጣቴን ለዳኛው አነሳሁ። ገባ። እስከ መጨረሻው ተጫወተ፣ ሁለት ኳስ በቴስታ አወጣ።

ሲያልቅ ስንት ለስንት ወጣን ብሎ ሦስቴ ጠየቀኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ጥር 25፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ትጥቅ ያዣችን ጋሽ ጌጡ ማልያ እያሰጣ ወሬውን ይዟል። ትናንት ተክለ ሃይማኖት ስለነበር ቅዳሴ አስቀድሶ በቀጥታ ወደ ሜዳ መምጣቱን አጫወተኝ። ፋሻ እየጠቀለልኩ ነበር፣ እጄ ቆመ። ትናንት ተክለ ሃይማኖት ከሆነ ሚካኤል መቼ ነው? በ12። የጥምቀት ማግስት። ደሳለኝ ያን ቀን ከባሕረ ጥምቀቱ ከቀሐ ጀምሮ ታቦቱን እየጨፈረ ሲሸኝ ውሏል፣ ራሱ ነው የነገረኝ። ሜዳው ላይ ስጠይቀው ያ ቀን ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ወደኋላ! እኔ ደህና ነው አልኩ።

እስላም ነኝ ብዬ ማመካኘት አልችልም። አዲስ ዓለም ሰፈር ነው ያደግሁት፤ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የሚካኤል ማኅበር በየወሩ በ12 እንደነበር ከሕፃንነቴ አውቃለሁ። ችኮላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ መፍሰሱንም አላየሁ። በጣም አፈርኩ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

ደሳለኝን ራሱን ስላመመው ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሲቲ ስካን ተነሳ። ምስሉ ንጹሕ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ዶ/ሯ ግን ወዲያው አቀዘቀዘችኝ። የአንጎል መናወጥ በምስል አይታይም። ዕረፍት። ራስ ምታቱ ጨርሶ ሳይጠፋ ኳስ የለም፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ። ሳይድን ሌላ ምት ካገኘው ሊሞት ይችላል። ቃል በቃል እንዲህ አለች።

ቀጥላ ከግጭቱ በኋላ ወዲያው ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ።

ለምን አዎ አልኩ? ደ. አጠገቤ ነበር፣ አላረመኝም። አያስታውስማ። ዶ/ሯ ወዲያው መውጣቱ ጥሩ ነው ብላ ጻፈች፤ ምልክቶቹ ከጠፉ ከጥቂት ቀን በኋላ ቀላል ልምምድ ይጀምር አለች። ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ ውሸት ነው።

ጥር 28፣ ሐሙስ፣ ረፋድ

አሰልጣኙ ወረቀቱን አየ። ያነበበው "ንጹሕ" የሚለውን ብቻ ነው። እሑድ ይሰለፋል አለ። ሌላ ተከላካይ የለም፣ ጨዋታው ወሳኝ ነው፣ እኔም ያለ ነገር የፈራሁ መስሎታል። ተከራከርኩ፣ ግን በግማሽ አፍ። ሙሉ አፌን ብከፍት የሚወጣው የራሴ ጥፋት ነው።

ደ. ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ አውርዶ ተቀምጧል። ፀሐይ ያመዋል። ድኛለሁ ብሎ ይምላል። መዳፉን ገልብጬ ሳየው በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ ሐሙስ፣ 28፣ አማኑኤል። ለፈተና ሲያጠና ነው ለካ! ተናደድኩበት። "አብዱ፣ አታሳፍረኝ" አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አልኩት። ለእሱ ስናገር የሰማው የራሴ ጆሮ ነው።

ጥር 30፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

የደ. አባት አያ አላምር ከዳባት ወረዱ። ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ቀጥታ ወደ እኔ። "ምነው ይኸ ልጅ? ሸጋ ልጅ ነበር። የእኅቱን ስም ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ" አሉ። ዕረፍት እንደሚያስፈልገው ነገርኳቸው።  እሳቸው ግን ጠየቁኝ፦ "ያን ቀን ወዲያው ነው ያወጣኸው ልጄ?"

ስልኬ የጮኸ መስዬ ወጣሁ። አልጮኸም ነበር። የአርባ ዓመት ሰው ከሽማግሌ ፊት እንደ ሌባ ሸሸሁ።

የካቲት 1፣ እሑድ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ሱብሒ ሰግጄ ሁለት ወረቀት ጻፍኩ። አንዱ ለክለቡ፦ ደሳለኝ ዛሬ አይሰለፍም፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። ግልባጩ ለጨዋታው ኮሚሽነር። ሌላው ለዶ/ሯ፦ ከግጭቱ በኋላ 30 ደቂቃ ተጫውቷል። መልሼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የነገርኩሽ ውሸት ነው። ሁለቱንም ፈረምኩ፣ ሁለቱንም አደረስኩ።

አሰልጣኙ አነበበና ቦርሳህን ሰብስብ አለኝ። ደ. ከዝርዝሩ ወጣ። ሰላምታዬን አልመለሰም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ይጥላኝ። ጠልቶኝ ይኑርልኝ እንጂ።

ቦርሳዬን አልሰበሰብኩም ገና። አያ አላምር በሩ ላይ ቆመዋል፣ በመስኮት አያቸዋለሁ። ልጃቸው ለምን እንደቀረ ማንም አልነገራቸውም። አሁን እወጣለሁ፣ በዚህ ጊዜ አልሸሽም። አያ፣ ወዲያው አላወጣሁትም እላቸዋለሁ። ከዚያ እሳቸው የሚሉኝን ቆሜ እሰማለሁ።