ለዚያ ለምታውቀው ሰው

ይድረስ የልቤን ለማጫውትህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሰውነትህስ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆችህ ደኅና ናቸው ወይ? እኛ ደኅና ነን። ደኅና ስልህ እበላለሁ፣ እሄዳለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ ማለቴ ነው። የቀረው በስልክ የሚነገር አይደለምና ዛሬ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ስትደውል ስለ ልጆቹ አወራኸኝ፣ ስለ ኳስ አወራኸኝ። ልትዘጋው ስትል ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ የማውቀው አንድ ሰው አለ፣ ያንተው ዓይነት በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብለውታል፣ ሕክምናው እንዴት ነው ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔም አይዞህ በለው፣ ቀላል ነው ብዬ ዘጋሁት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የተጨነቀን ሰው «አይዞህ» ብሎ ብቻ መሸኘት በባዶ እጅ እንደ መሸኘት ነው። ስለዚህ የሆንኩትን ሁሉ ለዚያ ሰው እነግረዋለሁ፤ አንተ አንብብለት። የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስትደርስ አትዝለልበት።

በሽታው ሲጀምረኝ በሽታ አልመሰለኝም። አንተ ወደዚያ ከተማ ከመሄድህ በፊት ማተሚያ ቤት አብረን ስንሠራ፣ እኔ ወረቀቱን ከዚህ ጫፍ አጎርሳለሁ፣ አንተ ከወዲያ ጫፍ ትቀበላለህ። ማሽኑን ላንተ እየተውኩ ወደ ሽንት ቤት ስመላለስ፣ ይሄ ሰውዬ ቧንቧ ውጧል እንዴ እያላችሁ ትስቁብኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ብርድ ነው፣ ዕድሜ ነው እያልኩ ነገሩን አስታመምኩት። ባለቤቴ ሂድና ተመርመር ስትለኝ፣ ወንድ ልጅ ለሽንት ብሎ ሐኪም ቤት አይሄድም አልኳት። በኋላ ደም አየሁ። ያን ጊዜ ሮጥኩ። ደሜ ተመረመረ፣ ናሙና ተወሰደ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ነው ተባልኩ።

ቀዶ ሕክምናውን የምትሠራው ሐኪም በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። ባለቤቴን አጠገቤ አስቀምጣ፣ ዕጢው ወደ ጎን ስለ ገፋ ዙሪያውን ያሉትን ነርቮች ማትረፍ እንደማትችል ነገረችን። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይተርፉ ነበር አለችኝ። ሽንት ለወራት ሊያመልጠኝ እንደሚችል፣ የባልና የሚስት ነገርም እንደ ድሮው ላይመለስ እንደሚችል ሳትሸፋፍን ተናገረች። እኔ ያን ጊዜ የማየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ነበር። ቀዩ ቀለም ከመስመሩ ወጥቷል። ይሄንን ያተመው ሰው ቀለሙ ዝንፍ ብሎበታል አልኳት። ሐኪሟ ግራ ገባት። ባለቤቴ ግን እጄን ያዘችኝ።

ቀዶ ሕክምናው ደኅና አለፈ። ሽንቴ በቱቦ ወደ ከረጢት ይወርድ ነበር፤ ባለቤቴ ትደፋልኛለች። ያኔ አላፈርኩም፤ ሕመምተኛ ነኝና። ማፈር የጀመርኩት ቱቦው ወጥቶ ሰዉ ሁሉ «ዳንክ» ሲለኝ ነው።

መድኃኒት ቤት ገብቼ የአዋቂ ዳይፐር ስጠይቅ፣ ሻጯ ልኩን ልትመርጥልኝ ፈልጋ ለማን ነው አለችኝ። ለእናቴ ነው አልኳት። እናቴን አብረኸኝ የቀበርካት አንተ ነህ። ልጅቷ ግን በምን ታውቃለች፤ እግዜር ይማርልዎት አለችኝ፣ አሜን ብዬ ወጣሁ። አንዳንድ ነገር በሌላ ሰው ስም ካልሆነ ከአፍ አይወጣም።

ሥራ ስመለስ «ኮርማው መጣ!» ብለው አጨበጨቡልኝ። ስሙን ያወጣህልኝ አንተ ነህ፤ ሁለት ደስጣ ወረቀት በአንድ ትከሻ ስላነሣሁ። አሁን ደስጣ ሳነሣ ያመልጠኛል። ሳስነጥስ ያመልጠኛል። ከሁሉ የከፋው ግን ሳቅ ነው። ሳቅ ሲመጣ ሽንቴም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ሳቅን ተውኩት። እኔ፣ ማተሚያ ቤቱን በሳቅ የማፈርሰው ሰውዬ፣ ጠረዛ ክፍል ያለው፣ ሙጫው የምንለው ልጅ ቀልድ ሲጀምር ሹልክ ብዬ እወጣ ጀመር። ኮርማው ከሞት ተርፎ ኮራብን አሉ።

ቤት ደግሞ የባሰ ሆነ። ትራሴን ይዤ ሴት ልጃችን አግብታ በወጣችበት ክፍል ገባሁ። ባለቤቴን፣ እየተነሳሁ እንቅልፍ እንዳልነሳሽ ብዬ ነው አልኳት። ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ስትነካኝ፣ ዕቃ የወደቀብኝ ይመስል ጎንበስ እላለሁ። ልጨርሰው የማልችለውን ነገር እንዳታስጀምረኝ ፈርቼ ነው። እሷ ግን ሌላ ነገር መስሏት ኖሯል። አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ፣ የጉንጯን ቆዳ በሁለት ጣቷ ወደ ኋላ ስትስብ አየኋት። አርጅቼበት ነው የሸሸኝ ብላ ኖሯል። ዝም ብዬ አለፍኳት። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

በመጨረሻ የሳቅ ነገር ጉድ አደረገኝ። የሠርግ መጥሪያ ታትሞ በሙሽራው ስም ቦታ የሙሽራዋ አባት ስም ገብቷል። አባትየው ሊረከብ መጥቶ መነጽሩን አድርጎ፣ በሰው ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። ሙጫው ሁኔታውን እያስመሰለ ሲያወራ እኔ በማሽኑና በወረቀት ክምሩ መካከል ተይዤ መውጫ አጣሁ። ሳቅሁ። ወንድሜ፣ እንዴት እንደ ሳቅሁ! ሱሪዬ ግራጫ ነው፤ ሁሉም አየ። ሙጫው ቀስ ብሎ ሽርጡን ፈታ፣ ወገቤ ላይ አሰረልኝ፣ ከዚያ ቀልዱን ካቆመበት ቀጠለ።

በቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሽርጡን ስታይ ሁሉም ነገር ገባት። ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ የደበቅኩትንም ሁሉ ነገርኳት። እሷ ለካ ታውቀው ኖሯል፤ ዳይፐሩን በጥቁር ላስቲክ ጠቅልዬ ሥራ ቦታ ወስጄ እንደምጥለው ሳይቀር። ሐኪሟ ስትነግረን አላለቀስኩም አለችኝ፤ ያለቀስኩት አንተ ትራስህን ይዘህ የወጣህ ዕለት ነው። ያ ነገር አይናፍቀኝም ብዬ አልዋሽህም፣ ይናፍቀኛል፤ ግን ከሱ ጋር አንተንም ለምን ወሰድክብኝ አለችኝ።

ትራሴን መለስኩ። እንደ ድሮው ሆነ ብዬ ያንን ሰው አላታልለውም። ሐኪሟ ያዘዘችልኝን ክኒን ሞከርን። ፊቴ ቀላ፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ ሌላ ምንም የለም። ጎን ለጎን ተጋድመን ጣራውን ስናይ ቆየንና እሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተነስተን አንሶላ ቀየርን።

አሁን ተቃቅፈን እንተኛለን። እጇ ደረቴ ላይ ይሆናል። ሽንቱ በጣም ተሽሎኛል፤ የታዘዘልኝን የጡንቻ እንቅስቃሴ ማሽኑ ፊት ቆሜ እሠራለሁ፣ ማንም አያውቅብኝም። ኮርማው ሲሉኝም አቤት እላለሁ። ግን አንዳንዴ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዝም ስትል፣ ምን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም አስበዋለሁ፤ ቤተሰብ የሞተበት ሰው እንደሚያስበው። አዝነን ስናበቃ ዞር ትልልኛለች።

እንግዲህ ለዚያ ሰው እንዲህ በለው። እኔ የጠበቅሁትን ያህል አይጠብቅ። ደም እስኪያይ አይቆይ። ምናልባት ለእሱ ነርቮቹ ይተርፉለት ይሆናል፤ ለእኔ ያልሆነው ለእሱ ይሁንለት። ለሚስቱም ይንገራት። ሲነሳና ሲተኛ ነቅታ ነው የምታዳምጠው፤ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎት አይሞኝ።

ሐኪሟን አነጋግሬያታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ታየዋለች። ለመመዝገብ ስም ስትጠይቀኝ፣ የሱን ስላልነገርከኝ ያንተን ሰጠኋት።

ሰኞ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ባለቤቴ ክፍሉን አጽድታ አልጋውን አንጥፋለች፤ ሁለት ትራስ አድርጋለች፣ ባለቤትህንም ይዘሃት ና።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ። ጤናህን ይመልስልህ፣ ከልጆችህ አይለይህ፣ ክፉውን ከደጅህ ያርቅልህ።

ከማሽኑ ከዚህኛው ጫፍ፣
ወንድምህ