ጥሩወርቅ ያልጠራችው ስም

ለክቡር አቶ እስራኤል ደምሴ
የሐይቅ ዳር ቴአትርና ፊልም ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ በሕይወት ስላለች ሟች

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከዓመት ዓመት እየሰፋ ለሄደው አዳራሽዎ ጤንነትና ደኅንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። እኔ ኑሪ ሙክታር፣ ፒያሳ በልብስ ስፌት ሃምሳ ዓመት ግድም የኖርሁ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነኝ። በአደባባይ መጻፌ ንቀት እንዳይመስልብኝ፤ በግል ያመጣኋቸውን ሁለት ደብዳቤዎች ጸሐፊዎ በክብር ተቀብላ በክብር ስላስቀመጠቻቸው፣ ሦስተኛውን ጨምሬ መሳቢያዋን ላጣብብባት አልወደድሁም።

ማዕከልዎ ከዛሬ አርባ ሰባት ዓመት በፊት ሐይቁ ዳር በነበረ አንድ ሆቴል ትደንስ የነበረችውን ጥሩወርቅ ደበሌን ለትውልድ ለማስተዋወቅ መጀመሪያ መጽሐፍ አሳተመ፣ ቀጥሎ ፊልም ሠራ፣ ዘንድሮ ደግሞ ቴአትር አቀረበ። በመጽሐፉ ሰላይ ነበረች፤ በፊልሙ ለሁለት ወገን ሰለለች፤ በቴአትሩ ሰላይም አሳባቂም ሆናለች። ስለዚህ ድካም ምስጋናዬ ይድረስዎ። የመጀመሪያውን ትርኢት አይቼ በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ "ታሪኩ እንዲህ አልነበረም" ስልዎ ሻይ አዝዘውልኝ፣ "አባባ፣ ባለታሪኳ ሞታለች፤ ማስረጃ ካለዎት ያምጡ" ብለውኝ ነበር። እነሆ፣ በየተራው አቀርባለሁ።

፩ኛ) ስለ ቀሚሱ። በመጽሐፉ ቀሚሱ ቀይ ነው፤ በፊልሙ ቀይ እንደሆነ ከጉልበት በላይ ወጣ፤ በቴአትሩ ከዚያም አልፎ ሽቅብ ተጉዟል። በሥራ ዘመኔ ጨርቅ ሳይታጠብ እንዲህ ሲያጥር አይቼ አላውቅም። ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አረንጓዴ ሳቲን ነበር፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል። ጥሩወርቅ ስትሽከረከር እንደ ጃንጥላ እንዲዘረጋላት ትፈልግ ነበር፤ ጨርቁ ግን ቀላል ስለሆነ እግሯ ላይ እየተጠመጠመ አስቸገራት። ስለዚህ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን የሚያሰምጡበትን እርሳስ ለምኜ፣ በትንንሹ ቆራርጬ፣ በጫፉ እጥፋት ውስጥ ዙሪያውን ሰፋሁላት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ዙር ይከፈት ጀመር። ሰው ለማየት ከሻሸመኔ ድረስ ይመጣ ነበር።

አንድ ቀን ለሥራ ጓደኛዋ "ቀሚሴ እንዲህ የሚዞርልኝ ጫፉ ላይ እርሳስ ስላለ ነው" ስትላት የሰማ ጆሮ ነገሩን ለቀበሌ አደረሰው። የቀበሌው ጸሐፊ እርሳስ ሲባል የሚያውቀው የሚጻፍበትን ነበርና፣ "በቀሚሷ እርሳስ ደብቃ ትይዛለች" ብሎ ለበላይ አካል ጻፈ። የበላይ አካሉም እርሳስ ካለ ወረቀት አለ፣ ወረቀት ካለ መልእክት አለ ብሎ ፈታው። በ1970 ዓ.ም. ለመታሰር ከዚህ ያነሰም ይበቃ ነበር። በመጽሐፍዎ ውስጥ ያ የመረብ እርሳስ የጦር ሰፈር ካርታ የተጠቀለለበት፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የመጻፊያ እርሳስ ሆኖ ሳገኘው፣ የቀበሌው ጸሐፊ ዘር አለመጥፋቱን አይቼ ተጽናናሁ።

፪ኛ) ስለ መኮንኑ። ጥሩወርቅ አማልላዋለች የተባለው የጦር መኮንን በመጽሐፉ ሻምበል ነው፤ በፊልሙ ኮሎኔል፤ በቴአትሩ ጄኔራል። እውነተኛው ሰው ሽበሺ ይባላል፤ የሆቴሉ ዘበኛ ነበር። የደንብ ልብሱ ላይ ስድስት የነሐስ ቁልፎች ነበሩት፤ ሁለቱን የተከልሁለት እኔ ነኝ። ምስጢር ነግሯት ከሆነ ከግቢው ውሾች የትኛው እንደሚናከስ ነው። እስር ቤት በቆየችባቸው ሦስት ዓመት ከሁለት ወር በሳምንት ሁለት ቀን ስንቅ ያመላለሰላት እሱ ነው፤ ስትፈታም አገባት። ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ቱላ ወርደው ላም እያረቡ ሦስት ልጆች አሳደጉ፤ እሱ ከስድስት ዓመት በፊት ዐረፈ። በሕይወት ሳለ የዘበኞች አለቃ ለመሆን ሲያመለክት ኖሮ ያልተሳካለት ሰው፣ ከሞተ በኋላ በማዕከልዎ እጅ እንዲህ በፍጥነት መሾሙን ልጆቹ በአድናቆት ተመልክተውታል።

፫ኛ) ስለ ስሞቹ። እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ ይረዝማል። በቴአትሩ ሦስተኛ ክፍል ጥሩወርቅ መርማሪዎቹ ፊት ተንበርክካ የስድስት ወጣቶችን ስም አንድ በአንድ ትጠራለች። ስሞቹ ከየት እንደመጡ ስጠይቅዎ "ታሪኩ እውነት እንዲመስል በዚያ ዘመን ተወስደው ከቀሩት ልጆች ስም መረጥን" ብለውኛል። ከስድስቱ አንዱ ማቴዎስ ነው። የማቴዎስ እኅት ወይዘሮ ገበያነሽ ደግሞ ቱላ የጥሩወርቅ ጎረቤት ናት፤ ሃያ ዓመት በአንድ ጸሎት ቤት፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያንን ክፍል አንድ ተመልካች በስልኩ ቀርጾ አሰራጨው፤ ገበያነሽም አየችው። በቀጣዩ እሑድ ከአግዳሚው ተነሥታ ከኋላ ተቀመጠች።

ይህን የሰማሁት ማስረጃ ፍለጋ ቱላ በወረድሁ ጊዜ ነው። ከታሰረችበት ቀን ጀምሮ ዓይኗን አይቼ አላውቅም ነበር። መንገዱ ርቆብኝ አይደለም፤ በባጃጅ ይደረሳል። ምክንያቱን ለእርስዎም ለከተማውም ልናገር። ስትያዝ ቀሚሱ እሷ ጋ አልነበረም፤ የተተረተረ ጎኑን እንድጠግንላት ሰጥታኝ እኔ ሱቅ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር ነበር። መርማሪዎቹ የፒያሳን ልብስ ሰፊዎች በሙሉ እየዞሩ ማን እንደሰፋላት ጠየቁ። ቀሚሱን አውጥቼ፣ እጥፋቱን ተርትሬ "እርሳሱ ይኸው፤ የመረብ ማስመጫ ነው" ብላቸው ምናልባት ነገሩ በዚያው ባለቀ፣ ምናልባትም እኔም አብሬያት በገባሁ ነበር። "እኔ የወንድ ሱሪ ብቻ ነው የምሰፋ" አልኋቸው። ከወጡ በኋላ እርሳሱን ፈትቼ ጉድጓድ ጣልሁት፤ ቀሚሱን ቆራርጬ የሱሪ ኪስ ገበር አደረግሁት። በዚያ ዓመት ሱሪ ካሰፉልኝ ደንበኞች ሁለቱ ከእነዚያው መርማሪዎች ነበሩ። እጃቸውን ኪሳቸው በከተቱ ቁጥር የሚፈልጉትን ማስረጃ ይዳብሱት ነበር።

ግቢዋ ስገባ ጥላ ሥር ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። እኩያዬ ናት፣ አንቱ ብላት ትስቅብኛለች፤ እንደ ድሮው "ጥሩወርቅ፣ ደኅና ነሽ?" አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና፣

"ኑሪ! ሱሪ ልትለካኝ መጣህ?" አለችኝ።

ያልሁትን ታውቅ ነበር።

"ያኔውኑ ነገሩኝ" አለች። "ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ አናውቃትም አሉ፣ አንዱማ የወንድ ሱሪ ብቻ ነው የምሰፋ አለ ሲሉኝ ሳቅ አመለጠኝ። ለሳቁ ለብቻው ገረፉኝ።"

"ታዲያ ስሜን ለምን አልጠራሽም?"

"ሚስትህ ያን ሰሞን ወልዳ አልነበረም?" ጥቂት ፈለፈለችና፣ "ደግሞ ቀሚሱን እወደው ነበር" አለች።

ይቅርታ ጠየቅኋት። "እሺ" አለችና በቆሎውን ወደ እኔ ገፋችው። ጆንያው እስኪሞላ አብሬያት ፈለፈልሁ። ስለ እስሩም ስለ ግርፋቱም ሌላ ቃል አልወጣትም፤ የምታወራው ስለ ገበያነሽ ብቻ ነበር። "ቀዩንም ያልብሱኝ፣ ጄኔራሉንም ይዳሩኝ፣ ግድ የለም" አለች። "የማቴዎስን ስም ግን ከአፌ ያውጡልኝ።"

ለመድረክ የሚሆን ከዳተኛ ግድ ካስፈለገዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ሌላ ሰው ማስቸገር አይኖርብዎትም፤ ሱቄ ፒያሳ ነው፣ ከእሑድ በቀር ሁልጊዜ እገኛለሁ።

፬ኛ) ስለ ሞቷ። አመጣው ዘንድ ያዘዙኝን ማስረጃ፣ ማለትም ጥሩወርቅን፣ ቱላ በወረድሁ ማግስት፣ ቅዳሜ ለከሰዓቱ ትርኢት ይዤ መጣሁ። በመጨረሻው ክፍል የመድረኳ ጥሩወርቅ ሐይቁ ዳር እየደነሰች በጥይት ስትመታ አዳራሹ አለቀሰ፤ ጥሩወርቅም ዓይኗን አበሰች። ምን እንደሆነች ስጠይቃት "ልጅቷ አሳዘነችኝ፤ ጉልበቷን ወለሉ ላይ እንዲህ እየጣለች ስታረጅ ምን ልትሆን ነው?" አለችኝ። ከዚያ እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው ለሟቿ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እንድናደርግ ጋበዙን። ሰው ሁሉ ሲነሣ እሷም ትከሻዬን ይዛ ተነሣች፤ አንገቷን ደፍታ ደቂቃዋን ጨረሰች። ለመታሰቢያው በሰዓቱ የተገኘ ሟች በዕድሜዬ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በር ላይ አስተዋወቅኋችሁ። ከላይ እስከ ታች ካዩአት በኋላ በታላቅ ትሕትና "እማማ፣ እናከብርዎታለን፤ ግን ጥሩወርቅ ረጅም ነበረች" አሏት። "አጠርሁ መሰለኝ፣ ልጄ" አለችዎ። የስሞቹ ክፍል ይውጣልኝ ብላ ስትለምንዎ "ተመልካቹ የሚመጣው ለዚያ ክፍል ነው" ብለው በግልጽ ስላስረዷት አመሰግናለሁ። መታወቂያዋን ከመቀነቷ ፈትታ እስክታወጣም አለመጠበቅዎ ሥራ ቢበዛብዎ ነው ብለን ተረድተናል።

ከእርስዎ እሺታ ስናጣ እሑድ ቱላ ወረድሁ። የጸሎት ቤቱን ሽማግሌዎች አስፈቅጄ፣ ቆቤን እንዳደረግሁ፣ እኔ ሙስሊሙ በምእመናኑ ፊት ቆሜ ከላይ በሦስተኛው ቁጥር የጻፍሁልዎን አንድም ሳላስቀር ተናገርሁ። ስጨርስ ወይዘሮ ገበያነሽ ከኋላ ተነሥታ መጣችና ጥሩወርቅን "እስቲ ጠጋ በይልኝ" አለቻት። ጠጋ አለችላት።

የቀሩት የአምስቱ ልጆች ቤተሰቦች ናቸው። እያፈላለግሁ ነው፤ ሁለቱን አግኝቼ በየቤታቸው ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። አንደኛዋ እናት አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። ማዕከልዎ ለሦስቱ ቤቶች አብሮኝ የሚሄድ ሰው ቢመድብ ደስ ይለኛል፤ ካልተመቸው ለብቻዬም እደርስበታለሁ።

ለሐዋሳ ሕዝብ ታሪኩን ከራሱ ከሕዝቡ በተሻለ ስለሚያውቁለት፣ ለሕያዋን ለማልቀስ ስላልቦዘኑና ለአንድ ተራ ልብስ ሰፊ ሻይ ስለጋበዙ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት ደግሜ ደጋግሜ እያረጋገጥሁ፣

ያኔ የሴት ቀሚስ የሰፋ፣
ኑሪ ሙክታር
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፤ አይመለከተኝም ለሚለውም።

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጥሩወርቅን ቦታ የምትጫወተው ወጣት ተዋናይት ሩዋይዳ በር ላይ የተነጋገርነውን ሰምታ ኖሮ በሦስተኛው ቀን ብቻዋን ቱላ መጣች። ጥሩወርቅም ከበርጩማዋ ሳትነሣ ትከሻና ክንድ እንዴት እንደሚሄድ አሳየቻት። ሩዋይዳ ሥራዋን የመልቀቅ ሐሳብ የላትም፤ ትደንስልዎታለች፣ ትንበረከካለች፣ ሲያዝዟትም ትሞታለች። መርማሪው "ስማቸውን ተናገሪ!" ሲላት ግን ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ አፏን እንደማትከፍት በእኛ ፊት ቃል ገብታለች። ጸጥታው ቢረዝምብዎ ድምፅ ማጉያው የተበላሸ መስሎዎ መጋረጃውን እንዳያስወርዱ በትሕትና አሳስባለሁ፤ ጥሩወርቅና ገበያነሽ ለዚያ ቀን በፊተኛው ረድፍ ቦታ ይዘዋል።